ጥያቄ አለኝ፦ የዳፍት ፐንክ ሪሚክሶች ከየት ይጀመራሉ?

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። የዳፍት ፐንክን የመጀመሪያ አልበም «ሆምወርክ»ን በጣም ነው የምወደው። ሰሞኑን «ሆምወርክ ሪሚክስስ» የሚል፣ ዘፈኖቹ እንደ አዲስ የተሠሩበት ስብስብ አገኘሁና ደስ ብሎኝ ከፈትኩት። ግን ከአልበሙ አራት ዘፈን ብቻ ወስደው እሱኑ እያገላበጡ ነው የሚያሰሙት። «አራውንድ ዘ ወርልድ» ማለቂያ የለውም! የተራረፈ ሰብስበው ነው የሸጡልን? ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? (ከገርጂ)

መልስ፦ ጥርጣሬህ ይገባኛል። አልበሙ 25 ዓመት ሲሞላው የወጣ ነው፤ የኢዮቤልዩ እትም ሲባል እኔም መጀመሪያ ኪሴን ነው የምይዘው። ይሄኛውን ግን አትማው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ዳፍት ፐንክ ማለት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ቶማ ባንጋልተር እና ጊ-ማኑኤል ደ ኦሜም-ክሪስቶ፣ የፓሪስ ልጆች። የተዋወቁት ሊሴ ካርኖ የሚባል ትምህርት ቤት ሲማሩ ነው። «ሆምወርክ» በጃንዋሪ 1997 ሲወጣ ሁለቱም ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ስቱዲዮ ተከራይተው አልሠሩትም፤ ቶማ መኝታ ቤት ውስጥ ነው የቀዱት። ሙዚቃው ግን ፓሪስ አልተወለደም። ሃውስ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ የቺካጎ ክለቦች ልጅ ነው፣ ቴክኖ የሚባለው ደግሞ የዲትሮይት። ሁለቱንም የፈጠሩት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ፓሪሶቹ ይሄንን አልደበቁም።

አልበሙ ላይ «ቲቸርስ» የምትለዋን ታስታውሳታለህ? ብዙ ሰው ዘሎ የሚያልፋት እሷን ነው። ዜማ የላትም ማለት ይቻላል። ስም ጥሪ ናት፦ ፖል ጆንሰን፣ ዲጄ ፈንክ፣ ዲጄ ስኒክ፣ ኬኒ ዶፕ፣ ሉዊ ቬጋ፣ ጄፍ ሚልስ... እያለች ትቀጥላለች። አሁን የሪሚክሱን ዝርዝር አውጣና አጠገቧ አስቀምጠው። ዲጄ ስኒክ አለ። ኬኒ ዶፕ እና ሉዊ ቬጋም «ማስተርስ አት ወርክ» በሚለው የጋራ ስማቸው አሉ። አየኸው? ልጆቹ አስተማሪዎቻችን ብለው የጠሯቸው ሰዎች መጥተው ዘፈኑ ውስጥ እጃቸውን አስገቡ። ስላም የሚባሉትን ደግሞ ተመልከት። የስኮትላንዷ ግላስጎው ሰዎች ናቸው። ሶማ የሚባለው አሳታሚ የእነሱ ነው፤ በ1994 የዳፍት ፐንክን የመጀመሪያ ሸክላ ያወጣውም እሱ ነው። ለእኔ የዚህ ስብስብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። የተራረፈ ሳይሆን የአልበሙ ሁለተኛ ግማሽ ነው።

ደግሞ አዲስ ሥራ እንዳይመስልህ። አብዛኞቹ ሪሚክሶች ያኔውኑ ለዲጄዎች በሸክላ የወጡ ናቸው። ተሰብስበው የወጡት ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2022 ነው። ሁለቱ መለያየታቸውን ካሳወቁ ልክ በዓመቱ መሆኑ ነው።

አሰማሙን ልንገርህ። ከ«አራውንድ ዘ ወርልድ» አትጀምር፣ ትሰለቻለህ። ከ«በርኒን» ጀምር። መጀመሪያ አልበሙ ላይ ያለውን ስማና እንደ ሳይረን ወደ ላይ የሚጮኸውን ድምፅ ጆሮህ ውስጥ ያዘው። ከዚያ የዲጄ ስኒክን፣ የጀርመኑን ኢያን ፑሊን እና የስላምን በተርታ ስማ። ጥያቄህ አንድ ብቻ ይሁን፦ ሳይረኑን ማን አስቀረው? ማን ቆራረጠው? ማን ጣለው? ሪሚክስ የሚሠራ ሰው ድምፁን ለብቻ፣ ቤዙን ለብቻ፣ ድራሙን ለብቻ ይቀበላል። የወደደውን ይይዛል፣ ሌላውን አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራል። ምን እንደያዘ ካወቅክ ሰውየውን አወቅከው።

መግቢያው ላይ ዝም ብሎ ድራም ብቻ ሲመታ ደግሞ አትበሳጭ። ለአንተ ሳይሆን ለዲጄው የተተወ ቦታ ነው። የሚያልቀውንና የሚጀምረውን ዘፈን እዚያ ላይ ነው የሚያጋጥማቸው። ዜማው ቶሎ ከገባ ሁለቱ ይጣላሉ።

በስልክ ስፒከር የምትሰማ ከሆነ ግን የነገርኩህን ሁሉ እርሳው። ቤዙ ከሌለ ምኑን ሰማኸው! ደህና ሄድፎን ተዋስ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የ16 ዓመት ልጄ ይሄንኑ «አራውንድ ዘ ወርልድ» ከፍቶ ቤቱን ያናውጠዋል። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ያችኑ ሦስት ቃል! ይሄ ምኑ ሙዚቃ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ ቃሉን ይተዉት። እውነትዎን ነው፣ ከ140 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሠርግ ላይ ከበሮ የሚመታው ሰው ምቱን በየደቂቃው ቢለዋውጥ ማን ይጨፍራል? እዚህም የሚለወጠው ዙሪያው ነው።

ካላመኑኝ ሚሼል ጎንድሪ የሠራውን ክሊፕ ከልጁ ጋር ይዩት። አራት አራት ሆነው የሚጨፍሩ አምስት ቡድኖች አሉ። ሮቦቶቹ የሚዘፍነው ድምፅ ናቸው። ደረጃ የሚወጡ የሚወርዱት ረጃጅም ስፖርተኞች ቤዙ ናቸው፤ ቤዙ ሲወጣ ይወጣሉ፣ ሲወርድ ይወርዳሉ። አፅሞቹ ጊታሩ፣ ዋናተኛ የሚመስሉት ሴቶች ቀጭኑ ኪቦርድ፣ በጨርቅ የተጠቀለሉት ድራም ማሽኑ ናቸው። አንድ ጊዜ ስፖርተኞቹን ብቻ ይከተሉ፣ ሌላ ጊዜ አፅሞቹን። ያኔ ቃሉ መኖሩንም ይረሱታል። ድምፁን ስለመቀነስ ግን ከእርስዎ ጋር ነኝ። የጎረቤት ነገር አለ።

ጥያቄ፦ «ሪቮሉሽን 909» ላይ ያለው 909 ምንድነው? መጀመሪያ ላይ ፖሊስ ስላለበት የፖሊስ ስልክ ነው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተከራክሬአለሁ። (ከሀዋሳ)

መልስ፦ ከእኛው 991 ጋር አምታተኸው ነው መሰለኝ! 909 ድራም ማሽን ነው። የጃፓኑ ሮላንድ በ1983 ያወጣው ቲአር-909። ኪኩን፣ ማለትም ወፍራሙን የከበሮ ምት፣ ራሱ በኤሌክትሪክ ያመነጨዋል፤ ሃይሃቱ ግን ከእውነተኛ ጸናጽል የተቀዳ ነው። ሲወጣ ብዙ ገዢ አላገኘም። ሁለተኛ እጅ ረክሶ ሲሸጥ የቺካጎና የዲትሮይት ልጆች እጅ ገባ፣ ከዚያ በኋላ ሃውስም ቴክኖም ያለሱ አይታሰብም።

ስለ ፖሊሱ ግን ግማሽ ልክ ነህ። ዘፈኑ የሚጀምረው ፖሊስ ፓርቲ ሲበትን ነው። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት እነዚህን ጭፈራዎች አይወዳቸውም ነበር። ሮማን ኮፖላ የሠራው ክሊፕ ላይ አንዲት ልጅ ፖሊሱ ሸሚዝ ላይ የቲማቲም ሶስ ጠብታ ታያለች። ክሊፑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከቲማቲሙ እርሻ እስከ ድስቱ ድረስ አሠራሩን ያሳያል፣ ልጅቷም በዚያው ታመልጣለች። ሶሱን እኔም ቤት ሞክሬዋለሁ። ለእኛ ምላስ ቃሪያ ይጎድለዋል።