መልስ፦ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን ድርሰቶች ከየትኛው ልጀምር?

ወንድማችን፣ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቅና ደራሲ ከአባ ጊዮርጊስ ድርሰቶች የትኛውን ማስቀደም እንደሚሻልና ሕይወታቸው ከድርሰታቸው ጋር ምን እንደሚያገናኘው ጠይቀዋል። እኔ ለእመቤታችን የተደረሰውን የምስጋና መጽሐፍ፣ አርጋኖንን፣ ያስቀድሙ እላለሁ።

ገድላቸው እንደሚተርከው፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሲማሩ ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው ለመነኮሳቱ እህል እየፈጩ ያገለግሉ ነበር፤ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እያለቀሱ ሲለምኑም ተገልጣ ጽዋ አጠጣቻቸው፣ ልቡናቸውም በራ። አርጋኖን ውስጥ ምስጋናው ሳይታክት ከምሳሌ ወደ ምሳሌ የሚጎርፈው፣ በእኔ እምነት፣ የተቀበሉትን ጸጋ የሚመልስ ሰው ምስጋና ስለሆነ ነው። ድርሰቱ በሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ በመሆኑ የዕለቱን ድርሻ ብቻ ቀስ ብሎ መጸለይ ይቻላል፤ ግእዙ ለሚከብደው ደግሞ ከአማርኛ ትርጉም ጋር ታትሟል።

በ1424 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው መጽሐፈ ምሥጢር ግን ሌላ ዓይነት ነው። እንደ አርዮስና ንስጥሮስ ያሉትን መናፍቃን እየጠቀሰ ስለሚሞግት፣ እነርሱን ያወገዙትን የቤተ ክርስቲያን ጉባኤያት ታሪክ ጥቂት ሳያውቁ ቢጀምሩት ያደክማል፤ መምህር ይዘው ቢያነቡት እመርጣለሁ። ሰዓታት የተባለውን የጸሎት ድርሰታቸውን ግን ከመጽሐፍ ከማንበብዎ በፊት ሌሊት በቤተ ክርስቲያን ቆመው በዜማው ይስሙት፤ የተደረሰው ለማኅበር ጸሎት ነውና።