ላደገ ቡድን ማሊያ ስም አታሳትም

ወንድሜ፣ «አዲስ ያደጉ ቡድኖች ፕሪሚየር ሊግ ላይ ስንት ዓመት ይቆያሉ? ማሊያቸውን በጅምላ ላምጣ ወይ?» ብለሃል። እኔ መርካቶ ማሊያ ስሸጥ በዚሁ ነገር ኪሳራ ቀምሻለሁ፤ አንተ እንዳትደግመው ነው የምጽፍልህ።

1. ቻምፒየንሺፕ (ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያለው፣ ቡድኖቹ የሚያድጉበት ሊግ) ላይ ባሳዩት አትሸወድ። በርንሌይ በፈረንጆች 2023 በ101 ነጥብ አድጎ በዓመቱ ወረደ። አብረውት ያደጉት ሉተንና ሼፊልድ ዩናይትድም ወረዱ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተን። ሳውዝሃምፕተንማ በ12 ነጥብ ነው የጨረሰው።

2. የመጀመሪያውን ዓመት ተረፉ ብለህም አትዝናና። እኔን ጉድ የሠራኝ ሁለተኛው ዓመት ነው። ሊድስ በ2020 አድጎ፣ በአሰልጣኙ ቢየልሳ 59 ነጥብ ሰብስቦ 9ኛ ወጣ። አጥቂው ባምፎርድ 17 ጎል አገባ። ልጆች ሱቄ እየመጡ «ሊድስ የለም?» ይሉኝ ጀመር። ለቀጣዩ ዓመት 80 ማሊያ አዘዝኩ። እሱ ባልከፋ። 50ው ላይ «ባምፎርድ 9» አሳተምኩበት! ሰውየው ተጎዳ፤ ዓመቱን ሙሉ በሊጉ 2 ጎል ብቻ። ቢየልሳ በየካቲት ተባረረ። ሊድስ በመጨረሻው ቀን ብሬንትፎርድን 2 ለ 1 አሸንፎ ለጥቂት ተረፈ፤ በ2023 ግን ወረደ።

ዕቃውን ያመጣልኝ ነጋዴ «ያልተሸጠውን እቀይርልሃለሁ» ብሎኝ ነበር። ተሸክሜ ስሄድ ሁለት ሰዓት በር ላይ አቆመኝ። ከዚያ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ስም ያለበት አልነካም» አለ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቤት ወስጄ ጽሑፉን በካውያ እያሞቅኩ ልልጠው ሞከርኩ። ተላጠ፤ የ9ኟ ቅርጽ ግን ነጩ ጨርቅ ላይ ቀረች። ማን ይገዛዋል?

3. ብሬንትፎርድ በ2021 ሲያድግ 20 ብቻ አመጣሁ፣ ያለ ስም። ክለቡ ደጋፊው ወጪ እንዳይበዛበት ብሎ የሜዳውን ማሊያ ለሁለት ዓመት ሳይቀይር ቀረ። ቡድኑም አልወረደም። የመጀመሪያው ዓመት የተረፈኝ በሁለተኛው ልክ እንደ አዲስ ተሸጠ፤ አንድ አልቀረኝም። በዚህ እስከ አሁን እኮራለሁ።

እና ካመጣህ ለአንድ ቡድን ከ15 አትለፍ። ስም የሚፈልግ ደንበኛ ቀድሞ ይክፈል፣ ከዚያ ይታተምለት። ትልቁን መጠን፣ ኤልን፣ አታብዛ፤ ከእኔ የሚገዙት ልጆች በብዛት ኤም ነው የሚወስዱት።