ካሜራ ይዛችሁ ስለ ጤና ለምትጠይቁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ልጆቼ፣ እንደምን አላችሁ?

በስልካችሁ ካሜራ የሰፈራችሁን የጤና ችግር ለማሳየት መነሳታችሁ ያኮራኛል። ዘዴው ፎቶቮይስ ይባላል። ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በቻይናዋ ዩናን ግዛት ከገጠር ሴቶች ጋር የጀመሩት ነው። ሴቶቹ ኑሯቸውን ራሳቸው ፎቶ አነሱ፣ ትርጉሙንም ራሳቸው ተናገሩ። እናንተም ዘንድ ይኸው ይጠበቅ፤ ሌላ ሰው ፎቷችሁን ከተረጎመላችሁ ሥራው የእናንተ መሆኑ ይቀራል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለዩልኝ። የጤና ልዩነት ሁሉ በደል አይደለም። ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁም በከፍታ ከ500 ሜትር በላይ ይበላለጣሉ። ኮምቦልቻ ላይ ወባ ቢበረታ፣ ደሴ ላይ ብርዱ ቢከፋ የአየር ጠባይ ነው። እዚያው ኮምቦልቻ ውስጥ ግን አንዷ አጎበር ውስጥ ስትተኛ፣ ለፋብሪካ ሥራ ከገጠር የመጣችው ሌላዋ ለአራት በተከራዩት ጠባብ ክፍል አጎበር የምትሰቅልበት ቦታ ካጣች፣ ይህ ሰው ሠራሽ ነው፤ ሰውም ሊያስተካክለው ይችላል። የምትፈልጉት እሱን ነው።

አንድ ፎቶ ብቻውን ይህን አይናገርም፤ የሚናገረው ጥንዱ፣ የሁለት ሰፈር ፎቶ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ቡድን አቋቁሙ፤ ለምሳሌ ደሴ ላይ አንዱ ከጦሳ ተራራ ተዳፋት ሰፈሮች፣ ሌላው ከፒያሳ ዙሪያ። በየቡድኑ ከ7 እስከ 10 ልጅ ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ በአንድ ሰዓት ተኩል ውይይት ተራ የማይደርሰው ይኖራል። በወጣቶች ፖሊሲያችን ወጣት የሚባለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለው ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ግን በ28 ዓመት ሰው ፊት አፉን አይከፍትም፣ አትቀላቅሏቸው። ስለ ወር አበባና ስለ ወሊድ መከላከያ ሲሆን ሴቶቹ ለብቻቸው ይቀመጡ። ለሁለቱም ቡድን አንድ ዓይነት ጥያቄ ስጡ፦ «ቤታችሁ ውሃ እንዴት ይደርሳል?» አንድ ሳምንት ያንሱ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ሦስት ፎቶ ይምረጥ። «ስለ ጤና አንሱ» ብላችሁ ከለቀቃችኋቸው ሁሉም የቆሻሻ ክምር ይዞ ይመጣል።

አንዲት ልጅ ቦኖ ላይ የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን አንስታ መጣች እንበል። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ማን ይሸከመዋል? በቀን ስንት ጊዜ? ዳገቱን ወጥታ ቤት እስክትገባ ስንት ደቂቃ? የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ መሠረታዊ የውሃ አገልግሎት ለማለት ምንጩ ከብክለት የተጠበቀ ሆኖ ደርሶ መልሱ ከነወረፋው ከ30 ደቂቃ እንዳያልፍ ይጠይቃሉ። በስልካችሁ ሰዓት ያዙና ቁጥሩን ከፎቶው ሥር ጻፉት። ከጎኑ የሌላኛው ሰፈር ልጅ ያነሳው የግቢ ቧንቧ ሲቀመጥ ክርክሩ ራሱ ይጀምራል።

ለውይይቱ አምስት ጥያቄዎች አሉ፦ እዚህ ምን ይታያል? በእርግጥ እየሆነ ያለው ምንድን ነው? ከእኛ ኑሮ ጋር ምን ያገናኘዋል? ለምን እንዲህ ሆነ? ምን እናድርግ? ብዙ ቡድን የሚወድቀው አራተኛው ላይ ነው። «የግንዛቤ እጥረት ነው» ይባልና ይታለፋል። አትቀበሉት። ልጅቷ እጅ መታጠብ እንደሚያስፈልግ ታውቃለች፤ ያጣችው ውሃውን ነው። መስመሩ ለምን እዚያ አልደረሰም? ማን ወሰነ? እስኪነጥር ድረስ «ለምን» በሉ። አወያዩ ብዙ ካወራ ልጆቹ እሱ የሚወደውን መመለስ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ አንድ ሰው ያወያይ፣ ሌላ ሰው ቃላቸውን እንዳለ ይጻፍ። መጨረሻ ላይ «ማንሳት ፈልጋችሁ ያላነሳችሁት ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ረሃብ፣ ጭንቀት፣ ቤት ውስጥ ያለ ዱላ ካሜራ ፊት አይቆሙም። ባዶ ድስት ወይም የተዘጋ በር ሊወክላቸው ይችላል።

ስለ ፈቃድ ጥብቅ እንድትሆኑ እለምናችኋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ለማንሳት አንድ ፈቃድ፣ ለማሳየት ሌላ ፈቃድ ጠይቁ፤ ሰው ለሥዕሉ እሺ ብሎ ለኤግዚቢሽኑ እምቢ ሊል ይችላል። ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ወላጁም እሱም ይስማሙ። ሕመምተኛ፣ የጤና ጣቢያ ወረፋ፣ የፋብሪካ ውስጥ ሥራ፣ የጸጥታ ኃይልና ኬላ አታንሱ፤ አንድ ፎቶ የሠራተኛዋን እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። ፊት የግድ ካልሆነ እጅ፣ ጫማ፣ ከሰል ምድጃ ይበቃል። የካሜራውን የቦታ መጠቆሚያ አጥፉ፤ ካልጠፋ ፎቶው የቤቱን አድራሻ ይዞ ይዞራል።

በቴሌግራም ስትላላኩ በፋይል መልክ ይሁን፣ አለበለዚያ ጥራቱ ይወርድና ሲታተም ይደበዝዛል። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ለጠረጴዛ ውይይት ደህና ነው።

የቀበሌውን ሊቀመንበር፣ የውሃ አገልግሎቱን ሰውና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ለኤግዚቢሽኑ ምረቃ ቀን ብቻ አትጥሯቸው። ጥያቄው ሲወጣ ጀምሮ ይወቁት፤ በድንገት ፎቶ የተደረደረበት ኃላፊ የሚያስበው ራሱን መከላከል ነው። ስትጋብዟቸው «ችግሩን እዩልን» ብቻ አትበሉ። «ይህ ቦኖ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚከፈት በጽሑፍ ለጥፉልን» የሚል ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ያዙ፤ መልሱን ማን በምን ቀን እንደሚያመጣም እዚያው መዝግቡ። መጀመሪያ ላይ እምቢ ቢሏችሁ አብሽሩ፣ ጥንዶቹን ፎቶዎች ይዛችሁ ተመለሱ። ሲያልቅ ለተነሳው ሰው ሁሉ የራሱን ፎቶ አሳትማችሁ ስጡት፤ ፋይሉ እስከ መቼ እንደሚቀመጥ የተስማማችሁበት ቀን ሲደርስም ከየስልካችሁ አጥፉት።