«መኪናዋ በራሷ ሄደች» ሲባል ማንን እንመን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። አባቴ በቀደም ፓርኪንግ ሊያቆሙ ሲሉ መኪናዋ በራሷ ተፈተለከችና የሱቅ ግድግዳ ገጭታ ቆመች፣ ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። እሳቸው ፍሬን ነው የረገጥኩት ብለው ይምላሉ፣ ኢንሹራንሱ ነዳጅና ፍሬን ተምታቶባቸው ነው አለ፣ ወንድሞቼም አረጁ እኮ እያሉ ይስቃሉ። አባቴ የሚዋሹ ሰው አይደሉም። ምን ላድርግ?
ልጃቸው ነኝ

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ እንኳን አተረፋቸው። መጀመሪያ ወንድሞችሽ ሳቁን ይተዉት። እግሩ የተሳሳተ ሰው ፍሬን ረገጥኩ ሲል እየዋሸ አይደለም፣ ከልቡ ነው፣ እግሩ ነዳጅ ላይ አርፎ እሱ ፍሬን ነው ብሎ ስላመነ መኪናው ሲዘልበት ይብስ ይጫነዋል፣ ሲጫነው መኪናው ይብስ ይፈተለካል፣ ነገሩ በሁለት ሦስት ሰከንድ ያልቃል። እንዲህ ያለው ደግሞ በብዛት የሚደርሰው ልክ እንደ አባትሽ ሲያቆሙ ወይ ሲነሱ ነው። ስለዚህ ኢንሹራንሱ ያለው ሊሆን ይችላል፣ ግን ሳያዩ መፍረድ ሌላ ነገር ነው።

አሜሪካኖች እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲሰሙ ቶሎ የማያምኑት ያለ ነገር አይደለም (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። በ1986 ሲቢኤስ ቴሌቪዥን አውዲ 5000 በራሱ ይነዳል የሚል ፕሮግራም አቀረበ፣ ነዳጅ ፔዳሉ ብቻውን ወደታች ሲወርድ የታየው መኪና ግን ካምቢዮው ተበስቶ የአየር ግፊት የገባበት ነበር። በ1989 የመንግስት የመንገድ ደህንነት መስሪያ ቤት አጥንቶ አብዛኛው የፔዳል ስህተት ነው አለ፣ እስከዛ ግን አውዲ ገበያው ወድቋል፣ በ1985 ወደ 74 ሺህ የሸጠው በ1991 12 ሺህ አካባቢ ደረሰ። ከዛ ወዲህ ማንም መኪናዬ በራሷ ሄደች ቢል «ደግሞ ጀመሩ» ነው።

በ2009 ሳንዲያጎ አካባቢ ግን የትራፊክ ፖሊስ፣ ያውም መንዳት ስራው የሆነ ሰው፣ በተዋሰው ሌክሰስ (ቶዮታ የሚሰራው ነው) ከነቤተሰቡ አራት ሆነው አለቁ፣ ከመኪናው ውስጥ ፍሬን የለንም ብለው ስልክ ደውለው ነበር። ሲጣራ የሌላ ሞዴል ምንጣፍ ገብቶበት ነዳጁን ይዞታል፣ የሚያናድደው ከሱ በፊት ያንኑ መኪና የተዋሰ ሰው ምንጣፉ ነዳጁን ያዘብኝ ብሎ ተናግሮ ነበር። ናሳ የቶዮታን መኪኖች መርምሮ በ2011 የኤሌክትሮኒክስ ችግር አላገኘሁም አለ፣ ቶዮታ ደግሞ ስለ ምንጣፉና ተረግጦ ስለሚጣበቀው የነዳጅ ፔዳል ህዝቡን አሳስተሃል ተብሎ በ2014 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ሁለቱም እውነት ነው፣ ሰው ግን የሚመቸውን አንዱን ብቻ ነው የሚያነሳው።

እኔን በጣም የሚያመኝ የሚኒሶታው ነው። አንድ የህሞንግ (የደቡብ ምስራቅ እስያ ህዝብ ናቸው) ስደተኛ በ2006 በ1996 ሞዴል ቶዮታ ካምሪ ከሃይዌይ ሲወጣ ሌላ መኪና ገጭቶ ሦስት ሰው ሞተ። ፍሬን ረገጥኩ፣ አልቆመም አለ፣ የሰማው የለም፣ 8 ዓመት ተፈረደበት። የቶዮታ ጉዳይ ሲፈነዳ ሌሎች የዛ ሞዴል ሹፌሮች እኛም ደርሶብናል አሉና በ2010 ተፈታ፣ በ2015 የፌዴራል ፍርድ ቤት ጁሪ 60 ከመቶ ጥፋቱ የቶዮታ 40 ከመቶ የሹፌሩ ነው አለ። ያ ሰው እንግሊዝኛው የተሟላ ቢሆንና ባይደነግጥ ኖሮ ይሰሙት ነበር ወይ እያልኩ አስባለሁ፣ ስንት የኛ ሰው እዛ አገር በታክሲና በኡበር የሚያድር አለ።

አሁን አንቺ የምታደርጊው፣ ዋናው ነገር መኪናዋ እንዳትጠፋ ነው። ኢንሹራንስ ከጥቅም ውጪ ሆናለች ካለ ወደ ጨረታ ትሄዳለች፣ ከዛ በኋላ ማስረጃ የለም፣ ስለዚህ መኪናዋ ትቆይልኝ ብለሽ ዛሬውኑ በጽሁፍ ጠይቂ። አብዛኛው አዲስ መኪና ከግጭት በፊት ያለውን ወደ 5 ሰከንድ የሚመዘግብ ሳጥን አለው፣ ፍጥነቱን፣ ነዳጁ ስንት ከመቶ እንደተረገጠ፣ ፍሬን መነካት አለመነካቱን ያሳያል (ግጭቱ ቀላል ከሆነ ላይመዘግብ ይችላል)። በአሜሪካ ህግ መረጃው የባለመኪናው ነው፣ አባትሽ ሪፖርቱን የመጠየቅ መብት አላቸው። ምንጣፉንም እንዳለ ሳትነኪው ፎቶ አንሺው፣ በሻሲ ቁጥሩም ሪኮል (ፋብሪካው ለጉድለት ጥገና መልሱልኝ ያለው) እንዳለባት ፈልጊ። ሪፖርቱ ወጥቶ ነዳጅ 100 ፍሬን 0 ካለ እኔ አምናለሁ፣ አንቺም እመኚ፣ ለአባትሽም ብቻችሁን ሆናችሁ በክብር ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ እኔ አዲስ አበባ ቪትዝ ነው የምነዳው፣ ነዳጁ ቢያዝብኝስ?

መልስ፦ ፍሬኑን አንዴ፣ ባለህ ጉልበት፣ ሳትለቅ ርገጥ። ፓምፕ አታድርግ፣ ፍሬኑን የሚያግዘው ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረው ጉልበት ነው፣ ነዳጁ ተከፍቶ እያለ ደጋግመህ ስትረግጥ እገዛው ያልቅና ፔዳሉ ድንጋይ ይሆንብሃል። እዛው ሳለህ ማርሹን N ላይ አድርግ፣ ሞተሩ ቢጮህም ይጩህ። ቁልፍ አትንቀል፣ መሪው ይቆለፍብሃል፣ ጥግ ይዘህ ከቆምክ በኋላ አጥፋ። ማኑዋል ለሚነዳ ፍሪሲዮን መርገጥ ነው። ደግሞ በሹፌሩ በኩል በድሮው ምንጣፍ ላይ ያነጠፍከው የላስቲክ ምንጣፍ ካለ ዛሬ አውጣው።