ላስቲኩን ከመዝጋታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

አራት ኪሎ ቡና ስንጠጣ ጥያቄያችሁ ሁሌም አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ላስቲክ ቤት ለመሥራት ስንት ይፈጃል?» ከብሩ በፊት ለምን እንደሚሠራ እንነጋገር።

ማሞቂያ የለውም፤ ቅስት ብረት ነው፣ ላዩ ላስቲክ፣ ተክሉም አፈሩ ላይ ነው የሚበቅለው። ውርጭ የሚጸናበት አገር ብርድ ለመከላከል ይሠሩታል። የአዲስ አበባም ሌሊት ይበርዳል፤ ግን ቲማቲማችንን የሚጨርሰው የክረምት ዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቅጠሉ ረጥቦ ሲውል ሲያድር፣ አጥቁሮ የሚያበሰብሰው በሽታ በጥቂት ቀን ማሳውን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ የምትሠሩት ምድጃ አይደለም፣ ጃንጥላ ነው።

እኔ ይህ ሳይገባኝ ቀበና ግቢዬ ውስጥ ከስሬበታለሁ። ለቅሶ ስሄድ ጎንና ጎኑን ግጥም አድርጌ ዘጋሁት። በሦስተኛው ቀን በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን ገረፈኝ፤ በሳምንቱ ቢጫው አበባ መሬቱን ሸፈነው። ቲማቲም ከ35 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ አበባው ፍሬ አይዝም። (ለቅሶ አይቀርም፤ ጥፋቴ ላስቲኩን የሚጠቀልል ልጅ አለማስቀመጤ ነው።)

አሁን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጎኖቹን ጠቅልዬ እሰቅላለሁ። ቴርሞሜትሩን በተክሉ ቁመት ልክ አንጠልጥሉት፤ በር ላይ የሰቀለ ሰው የበሩን ሙቀት ነው የሚያነበው። ሲያብብም ተክሉ የታሰረበትን ሲባጎ በጣቴ መታ መታ አደርገዋለሁ፤ ነፋስ ስለሌለ የአበባው ዱቄት በደንብ አይራገፍም።

ወደ ብሩ ስንመጣ፣ 6 በ20 ሜትር ቤት 120 ካሬ ነው። በካሬ 2 ግንድ፣ ከግንዱ 3 ኪሎ ብቻ ብትቆጥሩ 720 ኪሎ። ይህ ጥር ላይ ከደረሰ ከመቂና ከዝዋይ በአይሱዙ ከሚገባው ጋር ትጋፋላችሁ፣ አትችሉትም። ለፍልሰታ ጾም ይድረስ፤ ያኔ ሜዳ ላይ ያለው በዝናብ ይበላሻል። እኔ መጋቢት መጀመሪያ ዘርቼ ሚያዝያ አጋማሽ አዛውራለሁ። ገዢውን ደግሞ ከመዝራታችሁ በፊት አነጋግሩ። አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሣ ወዲህ የመሀል ከተማ ምግብ ቤቶች ሩቅ ነው የሚልኩት፤ ጠዋት የተለቀመ በራቸው ላይ ሲያገኙ ዋጋ ብዙም አይከራከሩም።

ቲማቲሙ ሲነሣ ቆስጣ ወይም ሰላጣ ተኩበት እንጂ ቃሪያ አትመልሱበት፤ ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታ ይወራረሳሉ።

ውኃውን አደራ። የቀበና ወንዝ ከአጥሬ ማዶ ይፈሳል፤ ለጥሬ ሰላጣ ግን አንድ ባልዲ ቀድቼበት አላውቅም፣ የከተማው ቆሻሻ ሁሉ እዚያ ነው የሚወርደው። ከላስቲኩ የሚወርደውን ዝናብ አስቡት፤ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 120 ካሬው ላይ 1,200 ሊትር ያርፋል፣ ስድስት በርሜል ማለት ነው። አሸንዳውን ከብረቱ ጋር አብራችሁ አሠሩት፤ እኔ በኋላ ሳስቀጥል እጥፍ ከፈልኩ።