«ረጋሚው ተዋጊ ሚዛን አልይዝ አለኝ፤ ለሥራ ማመልከቻስ ይሆነኛል?»

ጥያቄው ባጭሩ፦ ኮምቦልቻ የሶፍትዌር ምህንድስና 4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አራት ሆነን በባለ 20 ገጽ ዳይስ የምንጫወተው የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትበት) እየሠራሁ ነው። «ረጋሚ» የሚባለው ተዋጊዬ ሁለት እርግማን አለው፤ አንዱ የጠላትን መከላከያ በ2 ይቀንሳል፣ ሌላው ጠላትን አንድ ተራ ያሳልፈዋል። ለመርገም ተራውን ይጠቀማል፣ ዳይሱ 9 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ ይሠራል። አንዳንድ ቀን ማንም አይመርጠውም፤ አንዳንድ ቀን ዋናውን ጠላት ብቻውን ያሽመደምደዋል። ምን ላስተካክል? ይህንንስ ለቀጣሪ ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለቀጣሪ የምታሳዪው የመጀመሪያውን ጥያቄሽን መልስ ነው። ሕግ የጻፈ ሰው ብዙ ነው፤ «ይህን ቁጥር ለምን ቀየርሽው?» ሲባል ስሌት የሚያወጣ ግን ጥቂት። ስለዚህ ከስሌቱ እንጀምር።

ተዋጊዎችሽ በዳይሱ ላይ 5 ደምረው መከላከያው 15 የሆነ ጠላት ይመታሉ እንበል። 10 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋቸዋል፤ ይህም 55 በመቶ ነው። ጉዳቱ በባለ 8 ገጽ ዳይስ ላይ 3 ተደምሮ በአማካይ 7.5 ከሆነ፣ አንድ ተራ 4.125 ጉዳት ያወጣል። መከላከያው በ2 ሲወርድ ዕድሉ 65 በመቶ ይሆናል፤ ለአንድ ምት 0.75፣ ለአራት ሰው በአንድ ዙር (ሁሉም አንድ አንድ ተራ ሲጫወቱ) 3 ጉዳት ተጨመረ ማለት ነው። ረጋሚው ግን ሲረግም የራሱን 4.125 አጥቷል፣ ከአሥር አራት ጊዜ ደግሞ እርግማኑ ይከሽፍበታል። ረጋሚው ከሁሉ ቀድሞ እንደሚጫወት ቆጥረን፣ የመጀመሪያውን ሙከራ ብቻ ይዘን ስናሰላ፣ ውጊያው 2 ዙር ከቆየ መርገም ወደ 1 ነጥብ ያከስራል፤ 3 ዙር ከቆየ 0.8፣ 4 ዙር ከቆየ 2.6 ያተርፋል። «ማንም አይመርጠውም» ያልሽው ቀን ውጊያው አጭር የነበረበት ቀን ሳይሆን አይቀርም።

መፍትሔው እርግማኑን ማጠንከር አይደለም። ብዙ ጀማሪ ዲዛይነር ከ2 ወደ 4 ያሳድገውና ረጅሙን ውጊያ ያበላሻል። ይልቅ ተራ መብላቱን አስቀሪው፦ ሰይፉ ካረፈ እርግማኑ አብሮ ይጣበቅ፣ መጠኑ ግን ወደ 1 ይውረድ። በዚሁ ስሌት የ2 ዙሩ ኪሳራ ወደ 1.4 ትርፍ ይለወጣል፣ የ4 ዙሩ 3.1 ይሆናል፤ ልዩነቱ ጠበበ። አንድ ዓይነት እርግማን በአንድ ጠላት ላይ እንዳይደራረብም በግልጽ ጻፊ። ሦስት ጊዜ የተደራረበ የ2 ቅናሽ 55 በመቶውን 85 ያደርሰዋልና።

ሁለተኛው እርግማን ከዚህ የባሰ ነው። አራት ጠላት ሲኖር ተራ ማሳለፍ የጠላትን ኃይል ሩብ ብቻ ይወስዳል፤ አንድ ዋና ጠላት ብቻ ሲሆን ግን ሙሉ በሙሉ ያስቆመዋል። በዚህ ፈንታ የተረገመው ጠላት ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ይውሰድ። 55 በመቶ የመምታት ዕድል የነበረው ወደ 30 ይወርዳል፤ ይዳከማል እንጂ ሐውልት ሆኖ አይቆምም።

ዋጋውንም አስቢበት። ለመርገም የሕይወት ነጥብ (ተዋጊው እስኪወድቅ የሚችለውን ጉዳት የሚለካ ቁጥር) ማስከፈል ጥሩ ይመስላል፤ ቡድኑ ውስጥ ፈዋሽ ካለ ግን ዋጋው ተመልሶ ይሞላል፣ በነጻ እንደመርገም ነው። እርግማኑ እስካለ ድረስ የረጋሚው የራሱ መከላከያ በ2 ቢቀንስ ማንም ሊያክመው አይችልም። ያለ በደል የወረደ እርግማን ወደ ተራጋሚው ይመለሳል ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ለሕግሽ የሚሆን ነገር እዚሁ አለልሽ። ረጋሚው ከባልንጀሮቹ አንዱን ያቆሰለን ጠላት ብቻ መርገም ይችል፣ 1 ከወጣ ይመለስበት። እርግማን ማፍረሻውም ምርቃት ይሁን። ወሎ ውስጥ የሚመርቅ ሽማግሌ ምን ማለት እንደሆነ ለተጫዋቾችሽ ማስረዳት አያስፈልግሽም። ይህ ሲጨመር ግን የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ያለ እርግማን ያልፋል፤ ከላይ ያሉትን ቁጥሮች እንደገና አስሊ።

ሙከራውን በሁለት መንገድ አድርጊ። በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ) 10,000 ውጊያ በኮምፒውተር አስኪጂ፤ የማሸነፍ መጠኑን በ1 በመቶ ገደማ ስህተት ይነግርሻል። በጠረጴዛ የተጫወትሽው 10 ውጊያ ግን እስከ 30 በመቶ ሊያሳስት ይችላል፤ ስለዚህ ከጠረጴዛው የማሸነፍ መጠን አትፈልጊ። ጠረጴዛው የሚያሳይሽ ሌላ ነው፦ ማን ተራውን ሲጠብቅ ስልኩን እንደነካ፣ የትኛው ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ እንደተነበበ፣ እርግማኑ ማብቃቱ የት ላይ እንደተረሳ። ከጓደኞችሽ ሌላ፣ ደሴ ያሉ ጨዋታውን አይተው የማያውቁ አራት ሰዎች ፈልጊ። ሕጉን በወረቀት ስጪያቸውና ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ከአፍሽ ያስረዳሽው ሁሉ ወረቀቱ ላይ የጎደለ ነው። በየሙከራው አንድ ቁጥር ብቻ ቀይሪ። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ካላገኙ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ወረቀቶች በሲኒ ይሆናሉ፤ የወጣው ወረቀት ግን ተመልሶ ካልተቀላቀለ ዕድሉ ይዛባል።

ስለ ሥራው በግልጽ ልንገርሽ፤ በአገራችን ከጠረጴዛ ጨዋታ ብቻ ደመወዝ አገኛለሁ ብለሽ አትቁጠሪ፣ ትምህርትሽንም አታቋርጪ። ይህ ችሎታ የሚፈለገው በጌም ሲስተም ዲዛይን፣ በሶፍትዌር ፍተሻና በዳታ ትንተና ነው። ሲቪሽ ላይ «ጌም ሠራሁ» አትበይ። «የአንድን ተዋጊ ሕግ በስሌትና በ10,000 ሲሙሌሽን ፈትሼ፣ በ6 ሙከራ አስተካከልሁ» በይ፤ ቁጥሮቹ ግን በእርግጥ ያደረግሽው ይሁኑ። አብረሽ የምትልኪው ችግሩን የሚያስረዳ አንድ ገጽ፣ የ«በፊት» እና የ«በኋላ» ሠንጠረዥ፣ ኮዱ፣ ከአራት ገጽ ያልበለጠ ሕግ። ያልሠራልሽን ለውጥም ሠንጠረዡ ውስጥ ተዪው፤ ቃለ መጠይቅ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕግሽን በታወቀው የሚና ጨዋታ በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ላይ ከመሠረትሽ፣ መሠረታዊ የሕግ ሰነዱ 5.1 በጥር 2023 እ.ኤ.አ. በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ሥራን ሌሎች በነጻ እንዲጠቀሙበት በሚፈቅድ ፈቃድ) ተለቋል። ምንጩን በጽሑፍ እስከጠቀስሽ ድረስ መጠቀምም መሸጥም ትችያለሽ። ፈቃዱ ሰነዱ ውስጥ ላለው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ መጻሕፍት ሥዕልም ሆነ የገጸ ባሕርይ ስም አትውሰጂ።