ሳቢያን ላለው ቪላ፦ መኝታ ቤቶቹን ከኮርኒሱ በላይ ሳይሆን ከጓሮው ሥራ ላይ አውጣቸው

ሰላም ወንድማችን። ጥያቄህ እንደገባኝ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር 10 በ8 ሜትር የሆነ የብሎኬት ቪላ አለህ፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ሁለት መኝታ ቤት ማውጣት፣ ከኋላ ደግሞ 4 ሜትር ገፍተህ ሳሎኑን ማስፋት ፈልገሃል። የኋላውን ገንባ፤ መኝታ ቤቶቹንም እዚያው ላይ አውጣቸው። አሮጌው ቤት ላይ ምንም አትጫንበት።

ሂሳቡ ይኸውልህ። የ8 ሜትር ቤት ጣሪያው ግራና ቀኝ ሲወርድ በየጎኑ 4 ሜትር ይሆናል፤ ቁልቁለቱ 20 በመቶ ቢሆን ጫፉ ላይ የምታገኘው ከፍታ 80 ሳንቲም ነው። ድመት እንጂ ሰው አይቆምበትም። ጣሪያውን ከፍ አድርገህ ቢቆምበት እንኳ፣ በሰኔ የድሬ ቆርቆሮ ሥር መተኛት ምጣድ ላይ ተኝቶ አክንባሎ መድፋት ነው። ቆርቆሮውን አንስቼ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ልሙላበት ካልክ ደግሞ፣ ቆርቆሮ ከነእንጨቱ በካሬ 30 ኪሎ ቢደርስ ነው፤ የ15 ሳንቲም ሶሌታ ግን ሴራሚክ፣ ግድግዳና ሰው ሳይጨመር 375 ኪሎ ነው። በብዙ ቪላ ላይ የሚታየው 20 በ20 ሳንቲም ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) በአራት ባለ 12 ሚሊሜትር ፌሮ (ብረት) የተሠራው ብሎኬቱን ለማሰር እንጂ ፎቅ ለመሸከም አይደለም። ጥርጣሬ ካለህ ከግድግዳው አጠገብ ማዕዘን ላይ አንድ፣ መሀል ላይ አንድ ጉድጓድ አስቆፍር። ከሥር የድንጋይ ግንብ ብቻ ካገኘህ ነገሩ እዚያው አበቃ።

የኋላው ሥራ መጀመሪያ የሚጋጨው ከሴፕቲክ ታንኩ ጋር ነው፤ እኛ ጋ ሁሌም ጓሮ ነው የሚቀበረው። ላዩ ላይ መሥራት አይሆንም። አዲስ አስቆፍረህ መስመሩን አዙር፣ አሮጌውን አስመጥጥና በድንጋይና በአፈር በየ20 ሳንቲሙ እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት) ግን በተሞላ ጉድጓድ ላይ አይቆምም፤ ኮለኑን ማሸሽ ይሻላል።

ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ኮለን ከአሮጌው ግድግዳ ጋር አጣብቆ ማቆም ነው። ለፉቲንጉ ስትቆፍር ከአሮጌው መሠረት በታች ትወርዳለህ፣ ከሥሩ ያለው አሸዋ ይሾልካል፣ ግድግዳው ይሰነጠቃል። ኮለኖቹን ከግድግዳው 1 ሜትር አርቃቸውና ሶሌታው ወደ ቤቱ 1 ሜትር ተንጠልጥሎ ይውጣ። ታዲያ የተንጠለጠለው ክፍል ላይ ዋናው ፌሮ ከላይ ነው የሚቀመጠው። ኮንክሪት የሚደፉት ልጆች ሲረግጡት ወደ ታች ይሰምጥና ካሳፎርማው (ኮንክሪቱን የያዘው ቅርጽ) ሲነሳ ሶሌታው ያዘነብላል። ከሥሩ ከፌሮ የታጠፈ ወንበር በየሜትሩ ይግባበት፤ ሙሌቱ እየተካሄደ አንድ ሰው ይህንኑ ብቻ ይጠብቅ።

ለዚህ ስፋት በሁለት ረድፍ ስምንት ኮለን ይበቃል። መጠኑን መሐንዲስህ ያስላው እንጂ ለባለ አንድ ፎቅ ከ30 በ30 ሳንቲም ባያንስ ጥሩ ነው። ስታፋው (ፌሮዎቹን ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) ጫፉ ወደ ውስጥ ይታጠፍ፤ በ90 ዲግሪ የታጠፈ ስታፋ በርዕደ መሬት ጊዜ ይከፈታል፣ እኛ ደግሞ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነን።

አዲሱንና አሮጌውን በፌሮ አታስራቸው። አሮጌው መቀመጡን ጨርሷል፣ አዲሱ ገና ይቀመጣል። መካከላቸው 3 ሳንቲም ክፍተት ትተህ ፎም አስገባበት፣ ከውጭ በላሜራ ሸፍነው። ሳሎኑን ለማገናኘት የኋላውን ግድግዳ ስትከፍት ግራና ቀኙን ደግፈህ መጀመሪያ ቢሙን (ከላይ የሚሸከመውን አግዳሚ) አስገባ፤ መናዱ ከዚያ በኋላ ነው።

ዝናብ ላይ አትቀልድ። የአሮጌው ጣሪያ ግማሹ፣ ማለትም 40 ካሬው፣ ውሃውን በቀጥታ አዲሱ ግድግዳ ላይ ይደፋዋል። 50 ሚሊሜትር ቢዘንብ 2,000 ሊትር ነው። በመካከሉ የሚገባው አሸንዳ 30 ሳንቲም ስፋት ይኑረው፣ በሁለቱም ጫፍ ባለ 110 ሚሊሜትር የፒቪሲ ቱቦ ይውረድለት፤ ላሜራው ግድግዳው ላይ 15 ሳንቲም ወጥቶ ልስኑ ውስጥ ይግባ። ውሃ ይመጥ የነበረውን ጓሮ በኮንክሪት ስለምትሸፍነው ወለሉን ከግቢው 45 ሳንቲም ከፍ አድርገው። የ1998ቱን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ይህን አይከራከርም።

ደረጃው ቦታ ይበላል። ለ3 ሜትር ከ6 ሳንቲም ከፍታ 17 ሳንቲም የሆኑ 18 እርከኖች ያስፈልጋሉ፤ በሁለት ታጥፎ ሲሠራ 2.10 በ3.30፣ ወደ 7 ካሬ ገደማ ነው። ከአዲሱ ሥራ 40 ካሬ (10 በ4) ላይ አሁኑኑ ቀንሰው።

አሸዋ ከጎርፍ በኋላ ከአሸዋማው ወንዝ ከመጣ ደለል ይበዛዋል። በሃይላንድ ጠርሙስ 10 ሳንቲም አሸዋ ከውሃ ጋር በጥብጠህ አሳድረው፤ ጠዋት ላዩ ላይ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊሜትር ካለፈ ይታጠብ ወይም ይመለስ። አንዱ ሶሌታ ብቻ 6 ሜትር ኩብ ነው፤ ቢሙ ሳይቆጠር ወደ 43 ከረጢት ሲሚንቶ። ለአንድ ከረጢት 50 በ40 በ18 ሳንቲም በሆነ ሳጥን ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፣ ውሃ ከ25 ሊትር አይበልጥም። ሙቀቱ ሲበረታ ሠራተኛው ውሃ ይጨምራል፣ ስለሚቀልለው፤ ኮንክሪቱ ግን ይደክማል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከጀመራችሁ በአንድ ሚክሰር 4 ሰዓት ላይ ትጨርሳላችሁ። ወዲያው በእርጥብ ጆንያ ሸፍነህ 7 ቀን ሳታቋርጥ አጠጣ፤ በድሬ ነፋስ "ሁለት ቀን ይበቃል" የሚል ግንበኛ አትስማ። ድጋፉ 21 ቀን ይቆይ።

ላይኛው ሶሌታ ላይ 40 ሳንቲም ከፍ ብሎ ከሥሩ አየር የሚያልፍበት ቆርቆሮ አድርግበት። ኮርኒሱ ከ3 ሜትር አይነስ፣ መስኮት በሁለት ተቃራኒ ጎን ይኑር፤ ከዚራ ሰፈር ያሉትን የባቡር ኩባንያ ቤቶች ቁመትና በረንዳ ተመልከት። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ከነውሃው ሁለት ቶን ነው፤ ኮለን በላይ እንጂ ሶሌታው መሀል አይቀመጥ።

ለፈቃድ ካርታውን፣ የአርኪቴክትና የስትራክቸር ፕላኑን ይዘህ ስትሄድ ምድሩንም ፎቁንም በአንድ ጊዜ አስፈቅድ፤ ላይኛውን ከዓመት በኋላ ብትሠራውም። ከአጥሩ እስከ ቤቱ ጀርባ ያለውን ርቀትና የሴፕቲኩን ቦታ ለካና እዚህ ጻፍልን። ርቀቱ ከ6 ሜትር ካነሰ፣ 4 ሜትሩ ሲቀነስ እስከ አጥሩ የሚቀረው ከ2 ሜትር ስለሚያንስ፣ የውጭኛው ረድፍ ኮለን ወደ ውስጥ መግባት አለበት።